ስለ ኮባልት ክሮም የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ ተነቃይ ጥርስ ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ። አብዛኛው የሚጠይቀው ስለ አንድ ብረት ነው፤ ኮባልትና ክሮሚየም ተቀላቅለው ስለሚሠሩት ቅይጥ፣ ስለ ኮባልት ክሮም። ለማታውቁኝ፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ የጥርስ ላብራቶሪ የምሠራ ቴክኒሻን ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞች የወሰዱትን ልክ ተቀብዬ ብረቱን የማቀልጥ፣ ቅርጽ ውስጥ የማፈስ፣ የምሞርድ ሰው ነኝ። ስለ ዳሌ የተጠየቅሁትን ለአጥንት ሐኪም አሳይቼ ነው የመለስኩት።

ብዙዎቻችሁ “ይህ ብረት ጥሩ ነው መጥፎ?” ብላችኋል። እንዲህ ሲጠየቅ መልስ የለኝም። የት እንደሚገባና ከምን ጋር እንደሚፋተግ ከተነገረኝ ግን አለኝ። ከታች ያሉትን መልሶች ስታነቡ ይህን ያዙልኝ።

“እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ከላይኛው ጥርሷ ግማሹ የለም። ሐኪሙ ‘ፕላስቲክ ወይም ብረት ምረጡ’ አለን። ብረቱ በጣም ይወደዳል። ጎረቤታችን ደግሞ ‘ብረት አፍ ውስጥ ይዝጋል፣ ምግብም ያስጠላል’ ብላ አስፈራራቻት። ምን ይሻለናል?”
መምህርት፣ ከአዘዞ

እህቴ፣ አይዝግም። ከቅይጡ 60 በመቶ ገደማው ኮባልት ነው። ከ25 እስከ 30 በመቶው ክሮሚየም ነው። 5 በመቶ አካባቢ ሞሊብዲነም አለበት። ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየሙ ነው። አየር ሲያገኝ ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫር እንኳ ኦክስጅን እስካለ ድረስ ወዲያው ራሱን ይተካል። ምራቅ፣ ሎሚ፣ በርበሬ፣ ትኩስ ቡና አይበግሩትም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኤልዉድ ሄይንስ የተባለ አሜሪካዊ በኢንዲያና ግዛት ኮኮሞ ከተማ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1907 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ወደ ጥርስ ሥራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ “ቪታሊየም” በሚል የንግድ ስም ነው። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው ወርቅ ነበር። ወርቅ ውድ ነው፤ ከባድም ነው። ንጹሕ ወርቅ ከኮባልት ክሮም በእጥፍ በላይ ይመዝናል። አስቢው፣ ከላይ ተሰቅሎ የሚውል ነገር ቢቀል ነው የሚሻለው።

አሁን ወደ እናትሽ። ፕላስቲክ እንዳይሰበር 2 ሚሊሜትር ገደማ መወፈር አለበት። ለብረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ይበቃዋል። ያ ልዩነት አፍ ውስጥ ትልቅ ነው። ምላስ ቦታ ታገኛለች፣ ንግግርም ቶሎ ይስተካከላል። ብረት ደግሞ ሙቀት ያስተላልፋል። ፕላስቲክ ላንቃን ሲሸፍነው የሽሮው ትኩሳት በደንብ አይታወቅም። ብዙ እናቶች “ምግቡ ጣዕም አጣብኝ” የሚሉት በፕላስቲኩ ነው። ጎረቤታችሁ የነገረቻችሁ ተገላቢጦሹን ነው።

አንዳንድ ሰው መጀመሪያ ሰሞን የብረት ጣዕም ይሰማዋል። ያልፋል። ካላለፈ አፏ ውስጥ ሌላ ብረት፣ ለምሳሌ የድሮ ሙሌት ወይም የወርቅ ጥርስ፣ አለ ወይ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ምራቅ ውስጥ ሲነካኩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ጣዕሙ ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ግን ጫናው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ብረቱ በትናንሽ መደገፊያዎች የቀሩት ጥርሶች ላይ ይቀመጣል። እናትሽ በጾም ሽምብራ ቆሎ ስትቆረጥም ጫናው በጥርሱ ሥር አድርጎ ወደ አጥንት ይወርዳል። ተራው ፕላስቲክ ድድ ላይ ብቻ ነው የሚተኛው። በተነከሰ ቁጥር ድዱን ይጫነዋል። ዓመታት ሲያልፉ ድዱ ከጥርሱ ዙሪያ ይሸሻል፣ ደህና የነበረው ጥርስ መነቃነቅ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ብዬም፣ የቀሩት ጥርሶቿ ከወዲሁ የሚነቃነቁ ከሆነ ብረት አታሠሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንዱ ከወደቀ ብረቱ ላይ ሌላ ጥርስ መጨመር አስቸጋሪ ነው። ፕላስቲክ ላይ ግን በቀላሉ ይጨመራል። መጀመሪያ ሐኪሙን “የቀሩት ጥርሶች ምን ያህል ይቆያሉ?” በሉት። መልሱ “ይቆያሉ” ከሆነ፣ ገንዘቡም ከተገኘ፣ ብረቱን እመርጥላታለሁ።

ዋጋው ለምን እንደሚወደድም ልንገርሽ። መጀመሪያ በሰም ቅርጹን እንሠራለን። ሰሙን በልዩ ጭቃ እንሸፍነዋለን። ከዚያ ምድጃው ቀስ እያለ ወደ 1000 ዲግሪ ይጠጋል፣ ሰሙ ተቃጥሎ ይወጣል። እዚህ መሃል መብራት ከጠፋ ቅርጹ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ሥራው ከሀ ይጀመራል። ብረቱ የሚቀልጠው ከ1300 ዲግሪ በላይ ነው። ሲቀዘቅዝ 2 በመቶ ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ ጭቃው ቀድሞ ያንኑ ያህል እንዲሰፋ ተደርጎ ይቦካል። ያ ስሌት ከተዛባ ብረቱ አፍ ውስጥ ልክ አይቀመጥም፤ ይወዛወዛል፣ ያቆስላል። “ብረት አልተስማማኝም” ብለው ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ያልተስማማቸው ልኩ ነው።

ስትረከቡት ሁለት ነገር አደራ። ጥርሱን የሚጨብጠው ክንድ ሲላላ ቤት ውስጥ በፒንሳ አትቆልምሙት። ይህ ብረት ግትር ነው፣ ብዙ አይለጠጥም። እኛ ስንሠራው እንኳ ክንዱ የሚገባው ጥርሱ ሩብ ሚሊሜትር ብቻ ወደ ውስጥ በሚሰረጉድበት ቦታ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጣመመ ይሰበራል። ሁለተኛ፣ በረኪና ውስጥ አትዘፍዝፉት። ክሎሪኑ ያንን ጠባቂ ሽፋን ያጠቃዋል፣ ብረቱ ይጠቁራል፣ ይቦረቦራል። “ጀርም ይገድላል” ተብሎ በረኪና ውስጥ ያደረ ስንት ጥሩ ሥራ ተበላሽቶ ወደ እኛ ተመልሷል! ለስላሳ ቡሩሽና ሳሙና ይበቃል። ማታ አውልቃ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ታኑረው።

“ርካሽ ጉትቻ ሳደርግ ጆሮዬ ይቆስላል። የቀበቶ ዘለበትም ሆዴን ያሳክከኛል። አሁን ሁለት ጥርሴን ክራውን ልሠራ ነው። ውስጡ ብረት፣ ላዩ ሴራሚክ ነው አሉኝ። ልፍራ?”
ከቅዳሜ ገበያ

መፍራት ሳይሆን መጠየቅ ነው ያለብሽ። ጆሮሽን የሚያቆስለው ኒኬል ሳይሆን አይቀርም። ለክራውን፣ ማለትም ጥርስ ላይ ለሚደፋው ቆብ፣ የምንጠቀምባቸው ሁለት ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ቅይጦች አሉ። አንዱ ኒኬል ክሮም ነው፤ ከግማሽ በላዩ ኒኬል ነው። ርካሽ ስለሆነና ለማፍሰስ ስለሚቀል ብዙ ቦታ ይሠራበታል። ሌላው ኮባልት ክሮም ነው። ጥሩው ዓይነት ኒኬል የለበትም፣ ቢኖርም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም የሚያብረቀርቁ ናቸው። በዓይን አይለዩም፤ እኔም በዓይን አልለያቸውም። የሚለየው ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ ለሐኪምሽ የጆሮሽን ነገር ንገሪው። “ኒኬል የሌለበት ይሁንልኝ፣ ማሸጊያውንም አሳዩኝ” በይ። ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ማንም ሊቀየምሽ አይገባም። አንድ ነገር ግን እወቂ። ኒኬል የማይስማማው ሰው አንዳንዴ ኮባልትም አይስማማውም። የቆዳ ሐኪም ጀርባ ላይ በሚለጠፍ ምርመራ ይለየዋል። ኮባልትም ካስቸገረሽ ሙሉ ሴራሚክ ወይም ዚርኮኒያ የሚባለው ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ አለልሽ። ቆዳን የሚያስቆጣ ብረት ሁሉ አፍን አያስቆጣም፤ የአፍ ውስጥ ቆዳ ይታገሣል። እንደዚያም ሆኖ ለዓመታት በሚቀመጥ ነገር ላይ ዕድል መሞከር አልወድም።

“በ2000 ዓ.ም.፣ ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ውጭ አገር ልጄ ዘንድ ሄጄ ቀኝ ዳሌዬ በብረት ተተካልኝ። ከዚያ ወዲህ ደህና ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግሬ ነው የምሄደው። ልጆቹ ግን ‘የኮባልት ዳሌ ደም ይመርዛል’ የሚል ነገር አንብበው እያስጨነቁኝ ነው። እውነት ነው?”
ጡረተኛ፣ ከማራኪ

ጋሼ፣ ልጆቹ ያነበቡት ውሸት አይደለም። የእርስዎን ዳሌ ይመለከታል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህ ብረት ከአፍ ወጥቶ ወደ ዳሌ ከገባ ቆይቷል። ስሚዝ ፒተርሰን የተባለ የቦስተን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1938 ከቪታሊየም የተሠራ ቆብ ዳሌ መጋጠሚያ ውስጥ በታፋ አጥንት ራስ ላይ ደፋ። ቀድሞ መስታወትና ሌላም ሞክሮ አልሆነለትም ነበር። ዛሬ ዳሌ ሲተካ ክቡ ኳስ ብዙ ጊዜ ኮባልት ክሮም ነው፤ የሚሽከረከረው ግን ፖሊኤትሊን በሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። በጉልበትም እንደዚያው ነው። የታፋው ጫፍ ኮባልት ክሮም ይለብሳል፣ ከታች ፕላስቲክ ይቀበለዋል። እንዲህ ከተሠሩ ጉልበቶች ከ10ሩ 8ቱ ያህል 25 ዓመት ይቆያሉ። ይህ ለሰው እጅ ሥራ ትልቅ ነገር ነው።

ችግር ያመጣው ኳሱም፣ ኳሱን የሚቀበለው ጽዋም ኮባልት ክሮም የሆኑበት ዳሌ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ፕላስቲክ ይበላል፣ ብረት ከብረት ጋር ከሆነ ግን ብዙም አይበላም ተባለ። በተለይ ለወጣቶችና ብዙ ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች ተመረጠ። ሲራመዱ ግን ሁለቱ ብረቶች እየተፋተጉ ያንን የክሮሚየም ሽፋን በየእርምጃው ይልጡታል። ሽፋኑ ይተካል፣ እንደገና ይላጣል። በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ይረግፋል። ብናኙ ኮባልትና ክሮሚየም ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ዳሌው አካባቢ ያለውን ጡንቻም ሊጎዳ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሊፈጥር ይችላል። ጽዋው ትንሽ ዘመም ብሎ ከተገጠመ ፍትጊያው ይብሳል። ዲፑይ የተባለው ኩባንያ ኤኤስአር የሚለውን የዚህ ዓይነት ዳሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ ሰብስቦታል። እርስዎ ሲታከሙ ይህ ዓይነቱ በብዛት ይገጠም ነበር። እንዲያጣሩ የምለምንዎ ለዚህ ነው።

ለልጅዎ ይደውሉና የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ወይም የተገጠመልዎን ዳሌ መታወቂያ ካርድ ያፈላልጉ። እዚያ ላይ ኳሱ ከምን፣ ጽዋው ከምን እንደሆነ ተጽፏል። ጽዋው ፕላስቲክ ወይም ሴራሚክ ከሆነ የልጆቹ ጭንቀት አብዛኛው ያበቃል። ሁለቱም ብረት ከሆኑ ባያምዎትም የአጥንት ሐኪም ያሳዩት። ራጅ ይነሣሉ፣ የደም ኮባልትም ይለካል። የደሙን ምርመራ ሁሉም ላብራቶሪ አይሠራውም፤ የት እንደሚላክ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለክትትል ያስቀመጠው መጠን በሊትር 7 ማይክሮግራም ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በደንብ ክትትል ይደረግልዎታል ማለት ነው፤ ወዲያው ዳሌው ይወጣል ማለት አይደለም።

ብሽሽትዎን ካመመዎት፣ ዳሌዎ ካበጠ፣ ሲራመዱ ድምፅ ካሰማ አይቆዩ። ጆሮዎ መስማት ከቀነሰ፣ ዓይንዎ ከደከመ፣ ልብዎ ካስቸገረዎት ደግሞ ለሚያየዎት ሐኪም ሁሉ “ዳሌዬ ብረት ነው” ብለው ይንገሩ። በጣም ብዙ ኮባልት ደም ውስጥ ሲጠራቀም እነዚህን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው። ኩላሊት የታመመ ሰው ደግሞ ኮባልትን ከሰውነቱ ማስወጣት ስለሚያቅተው የበለጠ ይጠንቀቅ።

ለልጆቹ አንድ ነገር ይንገሯቸው። ትንሽ ኮባልት ሁላችንም ውስጥ አለ። ቫይታሚን ቢ12 መሃሉ ላይ ኮባልት ነው ያለው። ጥያቄው መጠኑ ነው።

“ጥርሴን ኢምፕላንት ላሠራ ነው። ኮባልት ክሮም ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ አጥንት ውስጥ የሚገባው ቡሎን ለምን ታይታኒየም ብቻ ይሆናል?”
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰው ቀድሞ የሞከረው እንዲያውም ኮባልት ክሮምን ነበር። አልቪን ስትሮክ የተባለ የቦስተን የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የቪታሊየም ቡሎን መንጋጋ ውስጥ አስገብቷል። አንዳንዶቹ ለዓመታት ቆይተዋል። በ1940ዎቹ ደግሞ በመንጋጋ አጥንት ላይ፣ ከድድ ሥር፣ የሚቀመጥ የኮባልት ክሮም መረብ ይሠራ ነበር። አጥንት ግን ይህን ብረት ይታገሠዋል እንጂ እንደ ታይታኒየም አጥብቆ አይዘውም። ብዙ ጊዜ በመሃላቸው ስስ ሥጋ ይገባል። ታይታኒየም ላይ አጥንት በቀጥታ ተጣብቆ ያድጋል። ይህን ያስተዋለው ስዊድናዊው ብሮኔማርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚ ገጠመ።

ሌላው ግትርነት ነው። ኮባልት ክሮም ከታይታኒየም በእጥፍ ያህል ግትር ነው፤ ከአጥንት ደግሞ ከ10 እጥፍ በላይ። ሁለቱ ሲጣመሩ ጫናውን ብረቱ ብቻውን ይሸከማል። ያልሠራ አጥንት ይሳሳል፤ እግሩ ለወራት በጀሶ ታስሮ የሚከሳ ሰው እንዳለ ሁሉ። ስለዚህ አጥንቱ ውስጥ ታይታኒየም፣ ከላይ ግን ብዙ ጥርስ የሚሸከመው ድልድይ ኮባልት ክሮም ሊሆን ይችላል። ግትርነቱ እዚያ ይጠቅማል። ረጅም ድልድይ ሲነከስበት ከታጠፈ ላዩ ላይ ያለው ሴራሚክ ይሰነጠቃል።

“የብረት ጥርስ ያለው ሰው ኤምአርአይ መነሣት ይችላል?”
ከደባርቅ

ተነቃዩን አውልቆ ይግባ። የማይነቀለው ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ ቅይጡ በማግኔት አይጎተትም ማለት ይቻላል። ሆኖም ብረቱ አጠገብ ያለው ምስል ይበላሻል። ከመግባቱ በፊት ለባለሙያው ይንገር። ዳሌና ጉልበት የተተካለት ሰው ወረቀቱን ይዞ ይሂድ።

“እትዬ፣ የጥርስ ላብራቶሪ ሥራ ከጀመርኩ ገና ነው። ብረት የምሞርደው እኔ ነኝ። አቧራው ፊቴ ላይ ነው የሚወጣው። ጌታዬ ‘ትለምደዋለህ’ ይለኛል። ጉዳት አለው?”
ስሜ ይቆይ

አለው፤ አይለመድምም። ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ ያላስተኛኝ ያንተ ነው። ይህ ብረት አፉ ውስጥ ለሚያደርገው ሰው ደህና ነው፤ ለሚሞርደው ሰው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለ ሠሪው ሕመም ግን ብዙ የሚያወራ ሰው የለም። አፍ ውስጥ የተቀመጠ ብረት በሽፋኑ ይጠበቃል። የተሞረደ ብረት ግን ደቃቅ አቧራ ሆኖ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የኮባልትና የክሮሚየም አቧራ፣ ቅርጹን ስትሰብር የሚቦንነው የሲሊካ (አሸዋ ውስጥ ያለው ማዕድን) ጭቃ ተጨምሮበት፣ ዓመታት ሲቆጠሩ ሳንባ ላይ ጠባሳ እየሠራ ያደድረዋል። የጥርስ ቴክኒሻኖች የሳንባ በሽታ የታወቀ፣ በሕክምና የተመዘገበ ነገር ነው። ሳንባ አንዴ ጠባሳ ከያዘ አይመለስም።

የቅርጹን ጭቃ ከመስበርህ በፊት ውሃ ውስጥ ንከረው። ስትሞርድ አቧራውን የሚስብ መምጠጫ ከእጅህ አጠገብ ይሁን። ጨርቅ ጭንብል አይረባህም፤ ኤን95 ወይም ከዚያ የተሻለ አድርግ፣ አፍንጫህ ላይ በደንብ ይጣበቅ። ብረት የምታጸዳበት መርጫ ውስጥ የወንዝ አሸዋ አታድርግ፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይሁን። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውል። በሥራ ልብስህ ቤት ገብተህ ሕፃን አትቀፍ። በኮባልት ክሮም ፋንታ ኒኬል ክሮም ከተሰጠህ ደግሞ ማሸጊያውን አንብብ። ቤሪሊየም የሚል ካየህ አትንካው፤ አቧራው ከሁሉም የከፋ ነው።

ጌታህ መምጠጫ ውድ ነው ካለህ ይህን ጽሑፍ አሳየው። እኔንም መጥቶ ያናግረኝ፣ የእኛን እንዴት እንዳዘጋጀን አሳየዋለሁ። ሳል ከጀመረህ ወይም ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ካጠረህ ጊዜ አትስጠው፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ሥራህ ብረት መሞረድ እንደሆነ ከሁሉ አስቀድመህ ንገረው። እዚህ ሳል ያለበት ሰው ሲመጣ ሐኪሙ ቀድሞ የሚያስበው ሳንባ ነቀርሳን ነው፤ አንተ ካልነገርከው ስለ ብረቱ አቧራ ማን ያነሣለታል?